ወተት ያላወጣው

በባትሪ ጠጋኙ ግቢ እርሳስ መቅለጥ ያቆመው፣ ትንሹ ልጁ ቃላቱን ባጣበት ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ያረጁ የመኪና ባትሪዎች ከመንገድ ዳሩ ሱቅ ወደ ጓሮ ይገባሉ፣ ይሰበራሉ፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ከባድና ለስላሳ ብረት፣ እርሳሱ፣ በከሰል ምድጃ ላይ ቀልጦ በአዲስ መልክ ይፈሳል። ግራጫው ጢስ በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል አድርጎ ወደ ጎረቤት ያልፋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰውየው ልጆቹን የሚያሳድግበት ሙያ ይኸው ነበር፤ ከጢሱ ያድናቸዋል ብሎ በፍቅር የሚያደርገውም አንድ ነገር ነበረ። የከፋውም በዚያው በፍቅር በሚያደርገው ነገር በኩል ገባ።

ባትሪ ጠጋኙ ነገሩ በተገለጠበት ቀን ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን የለበሰው ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነበር። ለነገሩ ሁሉ «ለምን?» ስለምትል ቤተሰቡ መርማሪዋ እያለ የሚጠራት ትልቋ ልጁ በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ተመድባ ትማራለች። እሱ ግን ከዚያ አስወጥቶ አክስቷ ዘንድ ልብስ ስፌት ሊያስገባት ቆርጧል። ርዕሰ መምህሩ «ወላጅ በአካል ቀርቦ ይጠይቅ» ስላሉ ሊጠይቅ መነሣቱ ነው። የጫማውን ክር እየቋጠረ ሳለ ትንሹ ልጅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ እጅና እግሩም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ መንቀጥቀጡን በመርፌ አስታገሠና ደም እንዲመረመር አዘዘ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት ትንሽ ሣጥን ይዛ ወደ አልጋው ቀረበች።

«ልጄ፣ ባለሙያውን ጥሪልን እባክሽ» አላት ባትሪ ጠጋኙ።

«መጥታለች፣ ጋሼ። ክንዱን ይያዙልኝ።»

ደሙን ቀድታ ስትጨርስ እናትየው ከአልጋው አልነቃነቅ አለች። አባትየው ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ወጣቷን ተከትሎ እስከ ላቦራቶሪው ሄደ፤ ልጁ መርማሪዋም ከኋላው አለች። ክፍሉ ጠባብ ነው። በአንድ ጥግ ያረጀ ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል፤ በመስኮቱ ሥር አንድ ማይክሮስኮፕ ተቀምጧል። ወጣቷ ከደሙ ጠብታ ወስዳ በቀጭን መስታወት ላይ አሰጣችው፤ ቀለም አፈሰሰችበትና እስኪይዝ ትጠብቅ ጀመር። ባትሪ ጠጋኙ በመስኮቱ ብርሃን ፊቷን ያየ ጊዜ አወቃት።

«አንቺ የአናጺው ልጅ አይደለሽም እንዴ? የእጅ ባትሪ ፈታትተሽ መመለስ ሲያቅትሽ ወደ እኔ የምትሮጪው?»

«ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎም ‹ይቺ ልጅ የሰው ቤት ታፈርሳለች› ይሉኝ ነበር።»

«እና አፈረስሽ?»

«ገና ነኝ።»

ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ፍርሃት አንዳንዱን ሰው ዝም ያሰኛል፣ አንዳንዱን ያስለፈልፋል፤ ባትሪ ጠጋኙ ከሁለተኞቹ ነበር።

«ይቺም እንዳንቺ መሆን ያምራታል» አለ በአገጩ ወደ ልጁ እያመለከተ። «ከሳይንስ ክፍል ላስወጣት ስወጣ ነው ይሄ የወረደብኝ።»

«ሰነፈች እንዴ?»

«የት ሰንፋ! አንደኛ ናት። የባሰውስ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያስወጧታል?»

ቀኝ እጁን ዘረጋላት። ጠባሳው ከጣቶቹ ሥር ተነሥቶ እስከ ክንዱ ይወጣል።

«ይህን እዪው። አሲድ ነው የበላው። ትምህርት የለኝም፤ አሲድን ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ በቆዳዬ ነው የተማርኩት። እኔ የደከምኩት ልጄ ከዚህ ወጥታ ንጹሕ ሥራ እንድትይዝልኝ ነው። ዞራ መጥታ እዚያው መርዝ ላይ ቁጭ ልትል? ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች። መርዝ ሲነካ የዋለ እጅ ሕፃን ያቅፋል?»

አንባቢ ልብ ሊል ይገባል፤ ይህ የክፉ አባት ክርክር አይደለም። ብዙ ሴቶች ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት በጥላቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ርኅራኄ ነው። ርኅራኄው እውነተኛ ስለሆነም ለመመለስ ከጥላቻ ይልቅ ይከብዳል።

ወጣቷ ዝቅ ባለ ድምፅ «የእርስዎ እጅስ ሲያቅፍ አልኖረም?» አለችው።

«እኔ ታጥቤ ነው የማቅፈው።»

«እሺ። የሥራ ልብስዎን ማን ያጥባል?»

«እናቷ።»

«ከልጆቹ ልብስ ጋር ነው?»

«ታዲያ ለየብቻው ውኃው ከየት ይመጣል?»

«ጓሮውንስ ማን ይጠርጋል?»

«እሷው ናት። አንዳንዴም ይቺ።»

«እንግዲህ መርዙ ሴት ናቸው ብሎ አልማራቸውም፣ ጋሼ። እናትም ልጅም ሲነኩት ኖረዋል። የተከለከሉት ዕውቀቱን ብቻ ነው።»

ባትሪ ጠጋኙ ተቆጣ። የተቆጣው ያልተጠነቀቀ አባት የተባለ ስለመሰለው ነው።

«ጢሱ ክፉ መሆኑ የጠፋኝ መሰለሽ? እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። እርሳስ በቀለጠ ቀን ለሁለቱም ወተት አጠጣለሁ። ለትንሹማ በገዛ እጄ ነው፤ ሌላ ሰው ሲሰጠው እሺ አይልም። የኛ ሥራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ወተት መርዝ ያወርዳል። እኔ ሳልጠጣ እያደርኩ ለእነሱ አላጎደልኩም።»

«ወተት ለልጅ ጥሩ ምግብ ነው። ገላ ውስጥ የገባ እርሳስን ግን አያወጣም» አለችና ጥቂት አሰበች። «በምንድን ነው የሚያጠጡት?»

«በኩባያው ነዋ። ቢጫ ኩባያ አለችው፣ በሌላ አይጠጣም።»

«የት ትቀመጣለች?»

«እዚያው ጓሮ፣ ከምድጃው በላይ መደርደሪያው ላይ። ሥራ ይዞኝ እንዳልረሳ ብዬ…»

ነገሩን አልጨረሰም።

«ነግሬህ ነበር፣ አባዬ» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ለአባትየው የከበደው ያ ነው።

«ምን ብለሽ ነበር የነገርሽው?» አለች ወጣቷ።

ልጅቱ አባቷን አየችው። ተናገሪ ወይም ዝም በይ እስኪላት ጠበቀች፤ አንዱንም አላለም።

«ሁለት ነጭ ጨርቅ አርጥቤ መኝታ ቤት ሰቀልኩ። አንዱን እርሳስ በሚቀልጥበት ቀን፣ አንዱን በማይቀልጥበት። ጨርቁ ያው፣ መስኮቱ ያው፣ የዋለበት ሰዓት ያው። የማይቀልጥ ቀን የሰቀልኩት ነጭ እንደሆነ ቀረ፣ ሌላው ግን ግራጫ ሆነ። ከዚያ ኩባያዋን በጣቴ ብጠርጋት ያንኑ ግራጫ አገኘሁ። ወንድሜ ሆዴን የሚለውም ሁልጊዜ ከቀለጠ በኋላ ነው። ጨርቆቹን ለአባዬ አሳየሁት።»

«እሳት ውስጥ ከተትኳቸው» አለ አባትየው። «ትምህርት ቤት የላክኋት አባቷን ልትከስ ነው ወይ ብዬ። ከሳይንስ ክፍል ትውጣ ያልኩትም ያን ዕለት ነው።»

«በጨርቅ መፈተኑን ማን አሳየሽ?» አለቻት ወጣቷ።

«ማንም። መምህራችን ‹አንዱን ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት› ይሉናል። እሱን ነው ያደረግሁት።»

ወጣቷ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። መስታወቱን አጥባ አደረቀችው፤ በማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ከወንበሯ ተነሣችና ልጅቱን «ነይ ቁጭ በይ» አለቻት። «የምታዪውን ብቻ ንገሪኝ። የምታስቢውን በኋላ።»

«ክብ ክብ ቀይ ነገር አለ፣ ብዙ ነው» አለች መርማሪዋ ካየች በኋላ። «አንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ። የሆነ ነገር የተነሰነሰበት ይመስላል።»

«የጤነኛ ልጅ ደም ላይ እንዲህ በዝቶ አይታይም። በእርሳስ የተመረዘ ሰው ላይ ይታያል፤ በሌላም ሕመም ሊመጣ ስለሚችል ይህ ብቻውን አያረጋግጥም። እርሳሱን ራሱን የሚለካ ትልቅ ላቦራቶሪ አለ፣ ደሙ ዛሬውኑ ይላካል። ለሐኪሙ ግን አሁን እነግረዋለሁ፤ እርሳስ ድድ ላይ ጥቁር መስመር ስለሚተው ድዱንም እንዲያይለት።»

አባትየው «እኔም ልየው» አለ። ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ካየው ነገር አንዱም አልገባውም፤ ልጁ ግን እንደገባት ገባው።

ከትልቁ ላቦራቶሪ የመጣው መልስ የተፈራው ነበር። ሐኪሙ እርሳሱን ከገላ የሚያወጣ መድኃኒት ጀመረለት። ልጁ መንቀጥቀጡን ተወ፣ መብላትም ጀመረ፣ መናገር ግን አልቻለም። ከመታመሙ በፊት በሱቁ በር የሚያልፉትን መኪናዎች በድምፃቸው ብቻ እየለየ «ይሄ የዳቦ ቤቱ ነው፣ ይሄ የቆሻሻው» ይል ነበር። አሁን ሲያልፉ ጣቱን ይቀስራል፤ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ሐኪሙ አላታለላቸውም። «ሕይወቱ ተርፏል» አላቸው፤ «የሄደው ቃል ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። ጥቂት ወራት ቀድማችሁ አምጥታችሁት ቢሆን ሌላ ነገር እላችሁ ነበር።»

ጥቂት ወራት ማለት ጨርቆቹ እሳት ውስጥ የገቡበት ጊዜ ነው። ባትሪ ጠጋኙ ይህን ለማስላት የማንም እርዳታ አላስፈለገውም።

ልጁን ሊጠይቅ በሚመላለስባቸው ቀናት በአንዱ የአናጺውን ልጅ ኮሪደሩ ላይ አገኛት። የቀረችውን የመጨረሻ ክርክር ይዞ ነበር።

«ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው እንበል። ዕውቀቱ ያስፈልጋል። ግን ወንዶቹ አይበቁም? የግድ የእኔ ሴት ልጅ?»

«ወንዶቹን ማን ከለከላቸው፣ ጋሼ? ይማሩ። ነገር ግን የእርስዎን ጓሮ የትኛውም ወንድ ሐኪም መጥቶ ቢያይ የሚያየው ምድጃውን ነው። ኩባያዋን ያየቻት ኩባያዋን የምታጥበው ናት። ቤት ውስጥ አቧራውን የምትጠርገው፣ ልብሱን የምታሸው፣ ልጁን የምታስተኛው ሴቷ ሆና ሳለ፣ መመርመር የሚችል ሰው ስንፈልግ እሷን ከመንገድ እንመልሳታለን። ከዚያ ነገሩ ለምን ዘግይቶ ታወቀ እንላለን።»

«ከባድ አይደለም ወይ?»

«ከባድ ነው፤ አልዋሽዎትም። እዚህ ስገባ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬም ድረስ ‹ባለሙያውን ጥሪልን› ይሉኛል።»

«እኔም ብዬሻለሁ።»

«ብለውኛል።»

«መርዙስ? እጇን ቢበላትስ?»

«እኛ ጓንት እናደርጋለን፣ ጢሱን የሚስብ መሣሪያ አለን፣ ወደ ሥራ ክፍላችን ምግብ አይገባም። እነዚህን ሁሉ ያመጣቸው ትምህርቱ ነው። እርስዎን አሲድ የበላዎት ያለ ትምህርት ስለሠሩ ነው፤ ያስተማረዎት ሰው ቢኖር ኖሮ እጅዎ ዛሬ ደህና ነበር።»

ባትሪ ጠጋኙ ጠባሳ ያለበትን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና «ደህና ዋይ» ብሏት ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ የአናጺው ልጅ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሰፈሩ ድረስ መጣች። የጎረቤት ልጆችን ደም ለመውሰድ ነው። የጎረቤት ሴቶች በግቢው ተሰበሰቡ፤ ነጭ ጋዋኑን አይተው ግን አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። የመኪና ቀቢው ሚስት፣ አራስ ናት፣ ቀስ ብላ ወደ መርማሪዋ ተጠጋች።

«አንቺ፣ ጡቴስ? የማጠባው… እሱም ውስጥ ይገባል?»

«ጥቂት ይገባል፣ እትዬ፤ ሆስፒታል ነግረውናል። ግን ማጥባቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ደሙ ይታይና ይነግሩሻል። እስከዚያው ጓሮውን በደረቁ አትጥረጊ፣ አቧራውን ስታስነሺው ነው የምትተነፍሱት። በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። የመኪና ቀለም ውስጥም እርሳስ ሊኖር ስለሚችል የባልሽ የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ። እጅ ሳይታጠቡ ሕፃኑን ማንም እንዳያቅፈው።»

«ለባሌ ይህን ማን ይነግርልኛል?»

«እኔ እነግረዋለሁ። አባዬን እየነገርኩ ለምጄዋለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ለሐኪም የማይነገር ሁሉ ለጎረቤት ልጅ ተነገረ። ባትሪ ጠጋኙ በባዶው ምድጃ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። የአራሷ ሕፃን ደም ውስጥ እርሳስ መገኘቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ታወቀ፤ ጉዳት ሳያደርስ ስለተደረሰበት ግን ሐኪሙ «ይህኛው ይናገራል» አለ። የአንድ ልጅ ቃል በመዘግየት ጠፋ፤ የሌላው በጊዜ ተያዘ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት፣ አንዲት ልጅ አየሁ ስትል የሚሰማት ሰው መገኘቱ ነው። የሴቶች ልጆችን ትምህርት ጥቅም ከዚህ የበለጠ ማስረዳት ለእኛ አይቻለንም።

የሕፃኑ ውጤት በታወቀበት ቀን ምሽት ቤተሰቡ ከሆስፒታል ከወጣው ትንሹ ልጅ ጋር ለራት ተቀመጠ። እናትየው አዲስ ኩባያ ለትንሹ ልጅ አቀረበች፤ እሱ ግን ቢጫዋን እየፈለገ በበሩ ወደ ጓሮው መደርደሪያ ያይ ነበር። በሱቁ በር አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ልጁ ጣቱን ቀሰረ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። መርማሪዋ ዝቅ ብላ «የዳቦ ቤቱ ነው፣ አይደል?» አለችው።

ባትሪ ጠጋኙ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

«ነገ ጠዋት ሸሚዜን አውጪልኝ» አለ ለሚስቱ። «ርዕሰ መምህሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ልጄ ሳይንስ ክፍል ትቆያለች።»