ቀርፋፋ አካሄድ በጃፓንኛ

አስጎብኚ ነኝ። አንዲት ጃፓናዊት ይዤ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በእግር ስንሄድ፣ ቁልፍ ያዡ ቄስ ሳይወጡ እንድንደርስ «ፈጠን በይ» እያልኩ አጣደፍኳት። እሷ የቀርፋፋ አካሄድ የጃፓንኛ ቃላትን ከደብተሯ ታነብልኛለች፦ ዝም ብሎ መንሸራሸር «ቡራቡራ»፣ መጎተት «ኖሮኖሮ»፣ አንገት ደፍቶ ማዝገም «ቶቦቶቦ»።

«እኛ ላስታዎች ፈጣኖች ነን፤ ይሄ ሁሉ ቃል ምን ያደርግልናል?» ብዬ ሳቅሁባት።

ወዲያው አንድ የማውቃቸው ገበሬ አገኘሁ። «እንደምን አደሩ?» ብዬ ቤተሰቡን፣ በሬውን፣ ገብሱን ጠይቄ ቀና ስል እንግዳዬ የለችም። እሷን ልከተል ስል ደግሞ ሌላ ዘመድ መጣ።

ስደርስ ከቄሱ ጋር ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ምነው ልጄ፣ እግርህን አመመህ?» አሉኝ።

እሷ ደብተሯን ዘርግታ አሳየችኝ። ከ«ቶቦቶቦ» በታች አዲስ ቃል ጨምራለች፦ «እንደምን አደሩ»።