አምስት ትልም

እትዬ ጌጤ የመሬት ደብተራቸውን በነጠላ ጠቅልለው የቀበሌው በረንዳ ላይ፣ ከአያ ሙላቴ ጎን ተቀመጡ። ደብተሩ ውስጥ የታጠፈ አቤቱታ አለ፤ ገና አልሰጡትም። የተካሰሰ ጎረቤት ለቅሶ እንኳ አይደራረስምና በመጀመሪያ በአፍ ሊሞክሩት ፈልገዋል። ሊሰማቸው የሚገባው ሰው ከኋላቸው አግዳሚ ላይ ስልኩን ይነካካል፤ አለምነው ነው፣ ጋፋት ባለው ማሳቸው በምሥራቅ በኩል አዋሳኛቸው። ጤፍ መቼም አንድ ጊዜ ታርሶ አይዘራም፤ እስከ አምስት ይታረሳል። አለምነው ዘንድሮ በየእርሻው አንዳንድ ትልም ከድንበሩ ወዲህ እየጨመረ መጥቷል። አምስት ትልም፣ ላለው ሰው ምንም አይደለም፤ ለእትዬ ጌጤ ግን ክረምት መሻገሪያ ነው። ሐሙስ ደግሞ ይዘራል።

«እንደምን ሰነበቱ አያ ሙላቴ? … ጉና ዛሬ ጭጋጉን እንደተከናነበ ነው፤ ሳይዘንብ አይቀርም። ጉልበትዎ ተሻለዎት? … ተመስገን።

«እኔማ በእርጅናዬ ትምህርት ጀምሬያለሁ፤ አይሳቁ እንጂ። አንድ የተማረ ልጅ አለ… ስሙ ጠፋብኝ። ሻይ ቤት ወጣቱን ሰብስቦ ሲያስረዳ፣ ጨው ልገዛ ወጥቼ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። በእጅ የማይያዝ ገንዘብ መጥቷል አለ። መንግሥት አያትመው፣ ባንክ አያስቀምጠው፤ ከስልክ ወደ ስልክ ብቻ ይሄዳል። የድሮ ሰው ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ይል ነበር። ይህ ልጅ ግን ወተቷን በስልኩ ያያል። ግር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው… የሰማይ ላም ሣር የምትግጠው ከምድር ነው እንዴ?»

አያ ሙላቴን ሳል ያዛቸው። ከኋላ የስልኩ ድምፅ ቆመ።

«ሌባስ አይወስደውም ወይ አልኩ በልቤ። እሱ እንደሆን ያልጠየቁትንም ይመልሳል፣ ይባረክ። መዝገቡ አንድ ሰው እጅ አይደለም፤ ሺህ ሰው ዘንድ እኩል ተጽፏል። አንዱ ተነስቶ ቢፍቀው፣ ሌሎቹ ‹የለም፣ እኛ ዘንድ እንዲህ አይልም› ይሉታል አለ። እኔ ኮምፒውተር ከየት አመጣለሁ? ያለኝ ይህ ደብተር ነው። በምዕራብ ሙላቴ ይላል፣ በሰሜን ደምሴ፣ በደቡብ ወንዙ… በምሥራቅም አንድ ስም አለ፤ ዓይኔ ደክሞ ማንበብ አቃተኝ። አንቱ ድንበሩን ያስታውሳሉ። ደምሴም ያስታውሳል። ወንዙ እንኳ ያን ሁሉ ጎርፍ ተሸክሞ ከቦታው ፈቀቅ አላለም።

«ነጻ ገበያን ሲያስረዳማ! ‹የሰው ንብረት ክቡር ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም› ሲል ዕንባዬ መጣ። ምነው እንዲህ ያለ ልጅ ጎረቤቴ በሆነ አልኩ። ሻጭና ገዥ ወድደው ሲስማሙ ብቻ ነው አለ። እኔ መቼ እንደተስማማሁ… አይ፣ እርጅና ነው፤ ረስቼው ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ከሄደ፣ ድንበርስ ምን ይከለክለዋል? ደግሞም እሱን ማን ይወቅሰዋል? በሬዎቹ ናቸው። በሬ ሻይ ቤት ገብቶ አልተማረ፣ የንብረትን ክብር ከየት ይሰማ? ቢያስተምራቸው ግን ደግ ነበር… ከሐሙስ በፊት።»

አለምነው ስልኩን ኪሱ ከትቶ አቀረቀረ። እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ደብተሩን አልፈቱም፤ ወደ ቢሮውም አልዞሩም።

«እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም፣ አንቱ ያውቃሉ። ለዚያ ለተማረው ልጅ ወንድ ልጅ ተወለደለት አሉ፤ እልል ነው። እግዜር ያሳድግለት። የአባቱን መሬት ወርሶ፣ በሬ ጠምዶ ለማረስ ያብቃው… ያን ጊዜም በአራቱም ማዕዘን፣ ልክ እንደ አባቱ የተማረ አዋሳኝ ይስጠው።»