አፌ ውስጥ የሳቀችው ሴት

ሰው ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ፊት ከኖረ በኋላ ፊቴን አውቀዋለሁ ቢል አይፈረድበትም። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጥርስ ክሊኒኩ የሰጡኝን ሰው ሠራሽ የላይ ጥርስ አጥቤ አፌ ውስጥ አስገባሁና መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግ አልኩ። መስታወቱ ውስጥ የሳቀችው ሴት ነበረች። ዓይኖቹ የእኔ ናቸው፤ በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚሸሸው ፀጉርም የእኔ ነው። ከአፍንጫ በታች ግን ሰፋ ያለ ፍንጭት ያላት፣ የማላውቃት ሴት፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው በትሕትና ፈገግ ብላ ታየኛለች። አፌን ገጠምኩ። ስከፍተው እዚያው ነበረች።

ፍንጭት ኖሮኝ አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በመናፍስት አላምንም፤ መናደድ ግን እችልበታለሁ። ጥርሱ ቢላላም በምላሴ ደግፌ፣ ማስረጃውን ከነአፌ ይዤ ክሊኒኩ ጥርስ ወደሚያሠራባት ሴት አመራሁ።

የሥራ ክፍሏ የአንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ፣ በረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ናት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የጀሶ ዱቄቱን ታሳያለች፤ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር ነጭ ለብሷል። በሦስቱም ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አለ፤ በየመደርደሪያው ላይ በጀሶ የተቀዱ የሰው ድዶችና መንጋጋዎች፣ ምናልባት ሦስት መቶ ይሆናሉ፣ ሁሉም ወደ በሩ ዞረው ተደርድረዋል። እኔ ስገባ ጨዋታቸውን ያቋረጡ መሰለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይከራከራሉ። አንደኛዋ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ነጭ ሽርጥ ያደረገች ጥርስ ሠሪዋ ናት። ሌላዋ ሰባ ያለፋቸው አክስቷ ናቸው፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ቀጠሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» ትላለች ጥርስ ሠሪዋ። «ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። አንዱን ረሳሁት፤ ሌላውን በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ዛሬም ከቀረሁ ተራዬን ለሌላ ይሰጡታል፤ እንደገና ወረፋው አምስት ወር ነው። ይህን የሥራ ቤት ትንሽ ይጠብቁልኝ ነው ያልኩዎት።»

«ቤት መጠበቅ አቃተኝ አልኩሽ? ለማታውቂው ሰው የቤታችንን ጉድ ልትዘረግፊ መሄድሽ ነው የከበደኝ።»

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩና እንደ ጨዋ ሰው ፈገግ አልኩ።

የአክስቷ ቦርሳ ከጭናቸው ወደቀ። ዓይኔን አላዩም፤ የሚያዩት አፌን ነው። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ «እባክዎ አይሳቁ» አሉኝ።

ጥርስ ሠሪዋም ዞር ብላ አየችኝና ሞረዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ምንም ሳትጠይቀኝ መሳቢያ ከፈተች። ሦስት የላይ ጥርሶች አውጥታ ደረደረች። ሦስቱም ፍንጭት አላቸው። እኔም ሳላስበው የራሴን አውጥቼ በመሐረብ ጠረግሁና አጠገባቸው አስቀመጥኩት። አራቱ አንድ ናቸው።

«የእናቴ ናቸው» አለች። «ከሞተች ሦስት ዓመቷ። እነዚህን መቼ እንደሠራኋቸው አላስታውስም። የሌላ ሰው ጥርስ ልሠራ እቀመጣለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ የእናቴን የጀሶ ልክ ከመደርደሪያው አውርጄ እገኛለሁ። ሦስቱን ሳይወጡ ደረስኩባቸው። የእርስዎ አመለጠኝ።» የእኔን ጥርስ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «ክሊኒኩ አንድ ስህተት ከደገምሽ ሥራ አንልክልሽም ብሎኛል። ቢነግሩብኝ አልቀየምዎትም።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጥርስ በሌለው አፌ፣ «ወንበር ይኖራል?» ብቻ አልኩ።

«የሚታይ ነገር ነው» አሉ አክስቷ። «እህቴ ጥርሷን እየፈለገች ነው። ስትለምናት፣ ስትለምናት ሳይደርስላት ሄደች። ይህን ደግሞ ባለሙያ አያውቀውም። ዝም ብሎ መቻል ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ክፍል፣ በእነዚያ ሁሉ አፎች መካከል ተቀምጦ በእንዲህ ያለው ነገር መሳቅ ቀላል እንዳይመስልህ። እኔም ጀርባዬ ቀዝቅዞ ነበር።

«እናቴ፣ ይፍቀዱልኝና» አልኳቸው፣ «ይህን ያደረገው የማን እጅ ነው?»

«የእሷ።»

«እንግዲያው መታከም ያለባት ባለ እጇ ናት።»

«ድካም ነዋ። ድካም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሕክምና የሚሄዱበት? እኔ አምስት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ማን ነው ደከመሽ ወይ ያለኝ?»

«እትዬ፣ ማንም አለማለቱ መልካም ነበር?» አለች ጥርስ ሠሪዋ። ሳታቋርጥም ቀጠለች። «ስንፍና እንዳይመስልዎ። ውኃ ጥጄ እረሳለሁ። አንዱን ሥራ ስጀምር ሌላው ይጠራኛል፤ ወደዚያ ስሄድ የመጀመሪያው ከሐሳቤ ይጠፋል። እንዳይታወቅብኝ ሰው አንዴ የሚያየውን አምስቴ አያለሁ፤ ሰው ሲያርፍ እኔ እጠግናለሁ። ሃያ ዓመት እንደዚህ ሠራሁ። አሁን እጄ ይሠራል፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም።»

«ባለሙያዋ ምን አለችሽ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሦስት ነገር ተጠላልፎብሻል አለችኝ። ትኩረቴን መሰብሰብ የሚቸግረኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ያን ልደብቅ ስሮጥ ጭንቀት ያዘኝ፤ ጭንቀቱን ተሸክሜ ስሠራ ደግሞ ዛልኩ። ብዙ ሴቶች እንደኔ ሳይታወቅላቸው አርባ ይሞላቸዋል አለችኝ።»

«ከልጅነትሽ?» አክስቷ ሳቅ ሊያመልጣቸው ደረሰ። «በልጅነትሽ እንደ አንቺ ጨዋ ማን ነበር? ጣራ ላይ የሚወጣው፣ መስኮት የሚሰብረው ወንድምሽ ነበር እንጂ።»

እዚህ ላይ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የራሴ ጉድ ተነክቷልና። «እናቴ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜአለሁ። ዴስክ ላይ የሚወጣውን ወንድ ልጅ ሁላችንም እናየው ነበር፤ ወላጅ እናስጠራለን፣ አማካሪ ጋ እንልከዋለን። በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ካርታው ላይ ዓይኗን ተክላ ልቧ ግን ሌላ ቦታ የምትሆን ልጅ ነበረች። በየዓመቱ አንድ ሁለት አይጠፉም። አትረብሽም። እኔም ካርዷ ላይ ‹ብታስተውል ጎበዝ ነበረች› ብዬ እጽፍና አልፋለሁ። አስተውላ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ጥርስ ሠሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔም ካርዴ ላይ እሱ ተጽፎብኛል» አለች። የማን እጅ እንደጻፈው ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አክስቷ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ይሁን፤ ታዲያ ወሬ ምን ያደርግላታል? ማውራት ከሆነ እኔ አለሁላት። ደሜ ናት።»

«ወሬ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። ሥራዬን ቆራርጬ የምይዝበትን ዘዴ ታሳየኛለች። ጭንቀቱ የሚለኝን ነገር ጽፌ እውነት መሆን አለመሆኑን እንድመረምር ታለማምደኛለች። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ጋ ትልከኛለች። ደግሞም…» ወደ አራቱ ጥርሶች አየች። «ለእርስዎ የማልነግርዎት ነገር አለ።»

«ለእኔ የማትነግሪኝ ምን አለ?»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳ አራቱ ጥርሶች ጥላ ውስጥ ቀርተዋል።

«ሞረዱን ባነሳሁ ቁጥር አንድ ንግግር ይመጣብኛል» አለች ጥርስ ሠሪዋ። «በጆሮዬ አይደለም፤ ሐሳቤ ውስጥ ነው። ግን ቃሉ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም።»

«እሷ ናት» አሉ አክስቷ በሹክሹክታ። «ጥርሴ ደረሰ ወይ ትልሻለች።»

«አይደለችም። እናቴ ስትጠይቀኝ እየሳቀች ነበር። ‹ፍንጭቴን እንዳትዘጊብኝ እንጂ አልቸኩልም› ትለኝ ነበር። የሚመጣብኝ የእርስዎ ንግግር ነው፣ እትዬ። የቀብሯ ቀን ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ‹በዝንጋታሽ እናትሽን ያለ ጥርስ ቀበርሻት› ያሉኝ።»

በኮሪደሩ አንድ ሰው እያፏጨ አለፈ።

«እንደዚያ ብያለሁ?» አሉ አክስቷ። ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ የማውቀው ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ራሳቸው መለሱት። «ብያለሁ። ሐዘኑ ሲያንገበግበኝ የማራግፍበት ሰው ፈለግሁ። በማግሥቱ ረሳሁት።» እጃቸውን ዘርግተው ጥርሶቹን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ነኳቸው። «እኔ ረሳሁት፤ አንቺ አራት ጊዜ ሠራሽው። እኔ ደግሞ ሟች መጣች እላለሁ።»

አለቀሱ። ሰባ ዓመት የቻሉ ሴት ሲያለቅሱ ማየት ልብ ይነካል። ከዚያ መሐረባቸውን አጥፈው ተነሡ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ።»

«ተነሺ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እደጅ እቀመጣለሁ። የምትነግሪያትን ሁሉ ንገሪያት፤ እኔንም ጨምረሽ።»

ጥርስ ሠሪዋ ሽርጧን ፈታች። ቀጥሎ ኪሷን ዳሰሰች፣ መሳቢያውን ሳበች፣ ጠረጴዛው ሥር ጎነበሰች። የበሩ ቁልፍ የለም። የፈተሸችውን ኪስ መልሳ ስትፈትሽ አየሁ። «አይሆንም፤ አየሽ፣ አየሽ» ትላለች ለማንም ሳይሆን። ቀጠሮ እንዴት እንደሚያመልጣት ያኔ ገባኝ።

«ልጄ፣ ቁልፍ አያስፈልግሽም» አልኳት። «እኔ እዚህ እቀመጣለሁ። ጥርስ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?»

ሄዱ። እኔም ከሦስት መቶ አፎች ጋር ብቻዬን ቀረሁ። የእናቷን የጀሶ ልክ አንስቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ በእርሳስ ‹እማ፤ ለቅዳሜ› ይላል። ከ‹ቅዳሜ› አጠገብ አንድ ሰው እየደጋገመ ያሰመረው መስመር አለ፤ የአዲሱ እርሳስ ገና ጣቴ ላይ ይለቃል። መልሼ ሳስቀምጠው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ለምን እንዳደረግሁት አሁንም አላውቅም።

ጥርሴ በሁለት ሳምንት ደረሰ፤ ለክሊኒኩም ምንም አልነገርኩም። ስድስት ወር ቆይቼ ላስሞርደው ስሄድ ያቺን ክፍል አላወቅኋትም። እያንዳንዱ ልክ ስም የተጻፈበት ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ገብቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሰው አፍ ብቻ አለ። ደወል በየሰዓቱ ይጠራታል፤ ትነሣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ የሠራችውን አንድ ጊዜ ብቻ ታያለች። ረቡዕ ከሰዓት አትሠራም። ያ ንግግር ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ሲመጣ ግን ጽፋ ታነበዋለች፤ ‹የሐዘን ቃል እንጂ ፍርድ አይደለም› ብላ ከሥሩ ትጽፍበታለች። ቁልፍ አሁንም ትጥላለች። ሁለተኛው ቁልፍ አክስቷ ጋ ነው።

ስለዚህ እህት፣ ሚስት ወይም ልጅ ያለህ ሁሉ፣ ከእኔም ስንፍና ተማር። ጨዋ ናት፣ ቻይ ናት፣ ዝንጉ ናት ብለህ ከማለፍህ በፊት የምትሸከመውን ጠይቃት፤ እርዳታ ፍለጋ ስትነሣ በር ላይ አትቁምባት። አንቺም የደከመሽ፣ የታመመ ጥርስ ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ እንደማያሳፍር ሁሉ ይህም አያሳፍርም።

ልወጣ ስል አክስቷ ከበሩ አጠገብ አስቆሙኝ።

«መምህር፣ እስቲ ይሳቁ።»

ሳቅሁ። ቀረብ ብለው በፀሐይ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚፈልጓት እንደሌለች እስኪያረጋግጡ ድረስ አዩ።

«የራስዎ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።