የባንኩ ጃንጥላ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የሱፍ ባና የምትሸጥ ሴት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ታወራለች።

«ለንግዴ የባንክ ሂሳብ ልከፍት ነው የምሄደው፣ አባባ።»

«መሐል ሜዳ ባንክ ጠፍቶ ነው?»

«እዚያማ ጎረቤቴ ከፍታለች። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት አሉ። ጃንጥላም ሰጧት።»

«ጃንጥላ ምን ይገርማል?»

«ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ዘርግታው በሱቄ በር ትመላለሳለች እኮ።»

«እንግዲያው ሌላ ባንክ መረጥሽ።»

«የለም፣ ያው ባንክ ነው። የደብረ ብርሃኑ ቅርንጫፍ የሚሰጠው ጃንጥላ ግን ሰፋ ይላል አሉኝ።»

«ብድርስ ያበድሩሽ እንደሆን ጠየቅሽ?»

«እሱን አላሰብኩትም።»

ጉልበቴ ላይ የነበረውን ጃንጥላ፣ የባንኩ ስም ያለበትን ጎን ወደ ውስጥ አዙሬ ያዝኩት።