ተራራ ያልከው

— ሄሎ... ሄሎ? ማን ልበል?

— አይሰማም፣ እስቲ ጮክ በል... ማነው?

— አንተ ነህ እንዴ! ይሄ የማን ቁጥር ነው ታዲያ? እኔ እኮ የውሃ ሰዎች መስለውኝ ነው እየሮጥኩ ያነሳሁት።

— የቢሮ ስልክ ነው? እንዲያ በለኝ። የራስህንማ አይቼዋለሁ፣ ሰባት ጊዜ ደውለሃል። አይቼ ነው ያላነሳሁት።

— አልተቆጣሁም። እህትህ «ብታነሺለት እኔና አንቺ አንነጋገርም» ብላኝ ነው። አሁንም አንተ መሆንህን ባውቅ አላነሳም ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ።

— አለች፣ እዚሁ ናት። ማተሚያ ቤቱን ጥላ መጣች፣ ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ። የጀመረችውን የሠርግ ካርድ እንኳ አልጨረሰችም። የኋላ ክፍል ገብታ ከውስጥ ቆልፋለች።

— እኔ ምን አውቄ! ነጭ ቀለም ይዛ ነው የገባችው። ያንን ትልቁን ጣሳ፣ ግድግዳ ስናስቀባ የተረፈውን። «ላጠፋው ነው» አለችኝ። እንደዚሁ ነው ያለችው፣ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

— ሥዕሉን ነዋ! ሌላ ምን ታጠፋለች? ያንን አንተ በምትሠራው የስልክ አፕ ላይ ያወጣኸውን።

— ቀስ በል... ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ እንደሱ ስትንደረደር አይገባኝም። ስንት ሰው? ሦስት መቶ? ከጠዋት ጀምሮ ሦስት መቶ ሰው አይቶታል ነው የምትለኝ?... ልብ ተጫኑበት ማለት ምን ማለት ነው?... አሃ፣ ወደዱት ማለት ነው። እና ደስ ይበለኝ?

— አይ አንተ ልጅ። ሐሙስ ለት ምን አልከኝ? «እማዬ፣ አፑ ሰዓሊዎችንና የጋለሪ ሰዎችን የሚያገናኝ ነው፣ ሰዓሊው ሥራውን ያስቀምጣል፣ እነሱ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ሰዓሊውን ያናግራሉ» አልከኝ። እኔም ስሙ ይመስገን አልኩ። ቀጥለህ ምን አልከኝ? «ሳጥኖቹ ባዶ ሆነው ያስጠላሉ፣ የእሷን ሥዕሎች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለመሙያ ነው፣ ለሙከራ ነው፣ ማንም አያየውም።» ማንም አያየውም! አላልክም?

— ብለሃል። እኔም እሷ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ገባሁልህ። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ፣ ጫማዬን አውልቄ። ቤት ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቅሁ ጫማዬን ማውለቄ ምን ይባላል? ያን ጊዜ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።

— እኔ ነኝ የተጫንኩት፣ መች ካድኩ? «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ስልኬ ላይ መጣ፣ ተጫንኩ። የሰዓሊዋ ስልክ ብለህ የኔን ቁጥር ያስገባኸው አንተ አይደለህ? «የሚመጣልሽን ሁሉ ተጫኚ፣ መሥራቱን ልይ» ያልከኝስ? ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ በምን ልለየው?

— አፑን የምታሠራህ የጋለሪዋ ሴትዮማ ምን በወጣት። ሰዓሊዋ ተስማምታለች የሚል አየች፣ ለሰው ሁሉ ከፈተችው። እሷ ላይ አልፈርድም። እዚህ ቤት ነው ጥፋቱ፣ ያንተና የኔ።

— እንዴት አወቀች ትለኛለህ? አብራት የምትሠራው ልጅ ናት ያሳየቻት። «እዪማ ይሄን ተራራ፣ አያምርም?» ብላ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችው። አየች። የራሷ ሥዕል። ከሥሩ «ሰማያዊ ተራሮች» ይላል። ከዚያ ደግሞ «ሰዓሊ፦ ሙከራ አንድ»። አንተ፣ እህትህ ናት ሙከራ አንድ? ስም አጣህላት?

— ለጊዜው ነው... ለጊዜው ነው... ሁሉ ነገር ላንተ ለጊዜው ነው።

— ቆይ አንዴ... ምን አልሽ?... ማንም አይደለም! ከ... ኧረ ምን ያስዋሸኛል፣ ወንድምሽ ነው! አዎ፣ አነሳሁት! የቢሮ ስልክ ነው፣ አታሎኝ ነው!... በፈጠረሽ፣ በሩን ክፈቺና እንነጋገር። ዳቦ እንኳ አልቀመስሽም።

— ሄሎ... አለሁ። አልከፈተችም። የጣሳውን ክዳን ስትፈለቅቅ ሰምቻለሁ። በምን እንደሆነም አውቄያለሁ፣ ትልቁ ማንኪያዬ ከመሳቢያ ጠፍቷል። አሁን ግን ምንም አይሰማም፣ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ብሩሽ ድምፅ የለውም።

— ዘጠኝ ሰዓት? ዛሬ?... ሁሉም ይመጣሉ? ሴትዮዋም፣ ሰዓሊዎቹም?... እና እህትህ ሥዕሉን ተሸክማ እንድትመጣልህ ነው የምትፈልገው?... የመጀመሪያው ገጽ ላይ? አፑ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው እሱ ይሁን ብላ?

— ገብቶኛል። ሁለት ዓመት ለፍተህበታል፣ ለማን ነው የምትነግረው? ያንን ሁሉ ወረቀት ሳሎኔ ላይ ለጥፈህ፣ የስልክ ሥዕል በስልክ ሥዕል አድርገኸው፣ እንግዳ ሲመጣ ልጅሽ ስልክ መሸጥ ጀመረ ወይ እያሉኝ! አንዷን ቁልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ስትወስድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስትመልስ አላየሁም? እኔ አልጸለይኩልህም? ስምህን ሳልጠራ የተነሳሁበት ቀን አለ?

— እንደሱ አትበል። አንዳችሁን ካንዳችሁ አላበላለጥኩም። አንተም ከዚሁ ሆድ ነው የወጣኸው፣ እሷም። እሱን አሁን አታምጣብኝ።

— ምን?... ምን አልክ? እስቲ ድገመው... «ለአንድ ተራራ ይሄ ሁሉ»?

— ማነው ተራራ ያለህ?

— እኮ ማን ነገረህ? ርዕሱን የጻፍከው አንተ አይደለህ?... ተራራ ስለሚመስል። እሺ። አንተ፣ ሥዕሉን በደንብ አላየኸውም እንዴ?

— በዚያች በትንሿ ሳጥን አይደለም የምልህ። አስፍተህ፣ ሰው እንደሚያይ።

— እስቲ አሁን ክፈተው። ኮምፒውተሩ ፊትህ አይደለም?... ክፈተው ነው የምልህ፣ ስብሰባው አያመልጥህም።

— እሺ... ምን ይታይሃል? ንገረኝ።

— ሁለት ጫፍ፣ እሺ። ሰማያዊ... መሃሉ ላይ ገባ ያለ ቦታ፣ እሺ። ዳር ላይ፣ ከታች፣ ቀይ መስመር አለ አይደል? እሱስ ምንድነው?... መንገድ? መኪና መንገድ?

— ቁጭ በል።... ቁጭ ብለሃል?

— መንገድ አይደለም ልጄ። ክር ነው። የብርድ ልብስ ጠርዝ ነው። ያ ሰማያዊው ብርድ ልብስ፣ እናንተ ልጆች ሆናችሁ ስትጓተቱበት ተተርትሮ አባትህ በቀይ ክር የዘመዘመው። ሰማያዊ ክር አጥቶ አይደለም፣ ልብስ ሰፊ ክር አያጣም። «ያበላሹትን እያዩ ይደጉ» ብሎ ነው።

— ተራራ አይደለም። የአባትህ ጉልበት ነው።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

— አዎ፣ የሱ።

— እንዲያ ነበር የሚተኛው መጨረሻ ላይ። እግሩን ሲዘረጋ ያመው ስለነበር ጉልበቱን አጥፎ። አንተ አላየኸውም። አልወቅስህም፣ ሥራ ላይ ነበርክ። «ነገ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ» እያልክ ወሩ አለቀ። እሱም «ነገ ነው ያለው» እያለ... ተወው። እሷ ግን ነበረች። እኔ አንሶላ ስቀይር እሷ ናት የምትይዘው። በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ብሩሽ አልነካችም፣ ልጄ እጇ ሞተ ብዬ ነበር። ሲወጣላት ይሄ ወጣላት። አንድ ጊዜ ብቻ አሳየችኝ። «እማዬ፣ ይሄ ለሰው አይደለም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቁም ሳጥኑ ጀርባ በጎኑ አጋድማ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው።

— ታውቀዋለህ ብዬ ነዋ ያልነገርኩህ! አባቱን አይቶ ዝም ካለ አንድ ነገር አስቦ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል ብዬ። ተራራ ይለዋል ብዬ በምን ላስብ?

— ፊቱማ አለ። ከላይ ነው ያለው። እኔ ነኝ ያላነሳሁት።

— ሥዕሉ ትልቅ ነው፣ ቁም ሳጥኑም ከባድ ነው፣ ግማሹ ብቻ ወጣልኝ... አይ፣ ይሄም ውሸት ነው፣ ይቅር ይበለኝ። ብጎትተው ይወጣ ነበር። ማየት አቃተኝ። ሳይላጭ በር የማይከፍት ሰው! ለገዛ ወንድሙ እንኳ «ቆይ ጠብቀኝ» ብሎ ሱሪውን ተኩሶ የሚወጣ! እሱን እንደዚያ ሆኖ... ጉልበቱ ድረስ ጎተትኩት፣ ከግድግዳው አላቅቄ ፎቶ አነሳሁት፣ መለስኩት።

— «ታዲያ ለምን አነሳሽው» በለኝ፣ መጠየቅህ ልክ ነው። ሌሎቹን ሁሉ አንስቼ ነበር። አበባውን፣ ወንበሩን፣ የጎረቤቷን ድመት። ሁሉም ካለቀ በኋላ እሱ ብቻውን ከጀርባ ቀረ። ሁሉም ልጅህ ጋ ሲሄዱ አንተ ብቻ ቅር ልለው? ልተወው አልቻልኩም። በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

— አታልቅስ...

— ማን አለ አጠገብህ?... ይዩህ፣ ምን ይሆናል። አንተም ሰው ነህ።

— አይዞህ የኔ ልጅ... በቃ... በቃ። ስማኝ አሁን። አውርደው። አሁኑኑ፣ እኔ እየሰማሁህ።

— ለሴትዮዋ በኋላ ታስረዳታለህ። መጀመሪያ አውርደው።

— ወረደ?... ከሦስት መቶው ስልክ ላይም?... ያስቀመጠ ካለ ምን ማድረግ ይቻላል ነው የምትለኝ? እንግዲህ እሱን ፈጣሪ ይሸፍነው።

— ምኑን? ፊቱን?... አይ። እሱን አልልክልህም። አንዴ ላክኩና ያየሁትን አየሁ። መጥተህ እይ።

— ነገ?... ነገ አትበለኝ። አደራህን፣ ለዚህ ቤት «ነገ» የሚለውን ቃል አትንገረው።

— ስብሰባውን አላውቅም ልጄ። አላዝህም፣ ትልቅ ሰው ነህ። እኔ የማውቀው በሩ ወዲያ ምን እየሆነ እንደሆነ አለማወቄን ነው። ያ ሥዕል ከጠፋ እኔም... ፊቱን ያላየሁት እኮ አለ ብዬ ነው። ቁም ሳጥኑ ጀርባ አለ፣ አንድ ቀን ልቤ ሲጠነክር አየዋለሁ ብዬ ነው። ከጠፋ ግን...

— ቆይ።

— ቆይ፣ ቁልፉ ዞረ። እንዳትዘጋ!

— የኔ ልጅ... እጅሽ ምንድነው፣ እስከ ክርንሽ ነጭ... ነይ እስቲ ቀና በይ። አጠፋሽው?... አጠፋሽው ወይ?

— ሄሎ፣ አለህ?... እህትህ በሩን ከፈተች። እንድገባ በእጇ አሳየችኝ። እየገባሁ ነው... መነጽሬ... መነጽሬን የት... እራሴ ላይ ነው ለካ።

— ልጄ... ተራራህ የለም። አንድም ሰማያዊ አልቀረም። ከደረቱ በታች እስከ ታች ድረስ ነጭ ነው፣ ሰው ያየውን ሁሉ ቀብታዋለች።

— ፊቱ?

— ፊቱ አለ።

— እያየሁት ነው... ቆይ፣ አትናገረኝ። እያየሁት ነው። ጢሙ አድጓል። ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር... የተኛ ሰው ነው እኮ። አንሶላ የቀየርንለት ለት ነው የሚመስለው። ንጹሕ አንሶላ እስከ ደረቱ አልብሳዋለች።

— እ?... ምን አልሽ?

— ሰማሃት? አልሰማህም። «ከመጣ ስልኩን ደጅ ትቶ ይግባ» ትልሃለች። እኔ አልጨመርኩም፣ እሷ ናት ያለችው።

— ዛሬ ትመጣለህ?... ሴትዮዋንስ ምን ትላታለህ?... እሺ። አሁን ውጣ እንግዲህ፣ ሳትሮጥ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፣ ስትገባ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ።

— በል ልዝጋው። እሱ ፊት ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ መቆሜ ነውር ነው... ዝጋ፣ ዝጋ ልጄ።