ብቻውን የማይከፈተው የውሃ በር

የቦዮቹን በሮች ሁሉ የሚያዘው የይለፍ ቃል በኡዝገን ከተማ መስኖ የኮምፒውተር መረብ ኃላፊ በሳትባልዲ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። እሱ ሲያወራማ፣ ሲያስነጥሰው ሦስት መንደር በጎርፍ ይጥለቀለቃል። ተጋኗል፤ ግን ያን ያህልም አይደለም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ገበያ ውስጥ፣ ሥጋ የተሞላ ትኩስ ሳምሳ ከምድጃው እስኪወጣ ወረፋ ይዞ ሳለ፣ አዲሷ መሐንዲስ አይቹሮክ ከኋላው መጥታ ቆመች።

«እንደምን አደርሽ ልጄ?» አላት። «ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብተሽ ሌባ አሰኘሽኝ አሉ።»

«ኧረ ጋሽ ሳትባልዲ! እኔ ያልኩት ትልልቆቹን በሮች ማንም ብቻውን አይክፈት ነው። አንዱ ይጠይቅ፤ ሌላው ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አይቶ ያጽድቅ።»

«ጠጉሬ የሸበተው እዚያ መሥሪያ ቤት ነው። አሁን አንቺን ላስፈቅድ?»

«እኔም እርስዎን አስፈቅዳለሁ። ዳይሬክተሩም ብቻቸውን አይችሉም።»

«እሳቸውማ ኮምፒውተሩን ማብራትም አይችሉ!»

ሳምሳ ሻጩ ሳቀ፤ አይቹሮክ ግን ነገሯን አልለቀቀችም።

«መረቡን የሚጎዳው ከውጭ ሰርስሮ የሚገባ ብቻ አይደለም። ቁልፉን የያዘ ሰው ሊናደድ፣ ሊሳሳት ይችላል፤ ሊያስገድዱትም ይችላሉ።»

«እኔን? ተኩላ በጆሮው ይዤ ከተራራ ያወረድኩ ሰው ነኝ!»

ተኩላው ሲወርድ ያየ የለም። ወዲያው ግን የሴት ልጁ አማት ኮችኮርባይ፣ ለሰላምታ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲመጣ ሁሉም አየ።

«ዘመዴ፣ ቀዩ ሩዜ ሊደርቅብኝ ነው። ዛሬ ከሰዓት በሩን ትንሽ ገርበብ ያድርጉልኝ።»

«ተራው እኮ የታችኞቹ መንደሮች ነው።»

«ልጅዎን የዳሯት ለታችኞቹ ኖሯል? እኔ ቤት አይደለችም እንዴ?»

ተኩላ የያዙት እጆች ላብ አጠመቃቸው። በዚያ አገር የልጅን አማት እምቢ ማለት አይሞከርም፤ ዳፋው የሚወርደው ልጅቱ ላይ ነው። እሺ ቢል ደግሞ የታችኞቹ ሰዎች ማሳ ሊቃጠል ነው። ሳትባልዲ ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ምድጃው አየ፤ መጨረሻ ላይ አይቹሮክን አየ።

«ዘመዴ፣ ምን ላድርግ! አዲስ ሕግ ወጥቷል። ሁለት ሰው ካልተስማማ በሩ አይከፈትም።»

ኮችኮርባይ ወደ አይቹሮክ ዞረ። «ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ? ትፈቅጃለሽ?»

«አልፈቅድም አባቴ፤ ተራው የእነሱ ነው።»

«አይ ዘመን!» አለ ኮችኮርባይ፤ ሳትባልዲን አቅፎ ሳመው። «ምስኪን፣ እጅዎን አስረውታል። ልጅዎን ሰላም ብለውሻል እላታለሁ።» ዘመኑን እየረገመ ሄደ እንጂ ዘመዱን ክፉ አልተናገረም።

ሳትባልዲ ትንፋሹን ለቀቀ። «ለካ ሌባ አላልሽኝም፤ መደበቂያ ነው የሠራሽልኝ።»

«የይለፍ ቃልዎ ቢሰረቅም እኮ ሌባው ብቻውን የትም አይደርስም። ደክሞዎት ሌላ በር ቢነኩም እኔ አይቼ አስቆማለሁ።»

«ሌላውን በመንገድ ላይ ትነግሪኛለሽ! ኮችኮርባይ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ሳይጠይቅ ሕጉን እናውጣው!»

ሳምሳውን ትተው ሮጡ፤ ከቀትር በፊትም ሕጉ ወጣ። ውሃው በተራው ወደ ታች ወረደ፤ የኮችኮርባይ ሩዝም ተራው ሲደርስ ጠጣ፤ የሳትባልዲ ልጅም በአማቷ ቤት በሰላም ኖረች። ሳትባልዲ ዛሬ ሲያወራ ሐሳቡን ያፈለቀው እሱ ራሱ ነው።

«አይቹሮክስ?» ብለው የጠየቁት እንደሆነ፣ «እሷማ አጸደቀችልኝ» ይላል።