ምሰሶ ያዥዋ ትርንጎ

በአንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የግንቦት በዓል ዕለት፤ አሥራ ስድስት ጥብጣብ የተንጠለጠለበት፣ ተማሪዎች እየዞሩ የሚጎነጉኑት ምሰሶ ሜዳው መሃል ቆሟል፤ እንግዳው ከተቀመጠበት ዳስ ጀርባ የጭፈራ አስተማሪዋ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልና የሰባተኛ ክፍሏ ትርንጎ ክርክር ይዘዋል።

ዘርፈሽዋል፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ! ሂጂና ቦታሽ ላይ ቁጭ በይ።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ የሂሩት እግር ወለም ብሏል። አሥራ አምስት ሆነው እንዴት ይጨፍራሉ? አንዷ ያለ ጥንድ ልትዞር ነው?

ዘርፈሽዋል፦ ሂሩት ሦስት ወር ተለማምዳለች። አንቺ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ልታሰኚኝ ነው?

ትርንጎ፦ እኔም ሦስቱንም ወር እዚያው ነበርኩ።

ዘርፈሽዋል፦ ምሰሶው ሥር ተቀምጠሽ!

ትርንጎ፦ ርእሰ መምህርቷ «ሣሩ አይቆፈርም» ስላሉ ነዋ! መስቀለኛ እግሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሌለ ምሰሶው ይወድቃል። ከክፍሉ ከባዷ ትርንጎ ናት ተባለ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ።

ዘርፈሽዋል፦ ታዲያ ምን አለበት? ያላንቺ ጭፈራ የለም።

ትርንጎ፦ አምና እናቴ ከአንኮበር ድረስ መጥታ፣ ሲያልቅ «አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ጥብጣቡ ሸፍኖኝ አላየችኝም። ዘንድሮም መጥታለች፣ ያቻትና ፊት ወንበር ላይ።

ዘርፈሽዋል፦ አንጀቴን በላሽው፣ ልጄ። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዷ ከተሳሳተች አሥራ ስድስቱም ይተበተባል።

ትርንጎ፦ ይጠይቁኝ።

ዘርፈሽዋል፦ አጎነጓጎኑስ?

ትርንጎ፦ አንዷን በላይ፣ ቀጣይዋን በታች።

ዘርፈሽዋል፦ እሱንማ ዘበኛውም ያውቀዋል። ሲፈታስ?

ትርንጎ፦ ከበሮው ሦስቴ ሲመታ ሁሉም ባለበት ይዞራል። መጨረሻ ያገኘኋትን መጀመሪያ አልፋታለሁ፤ ሹሩባ እንደ መፍታት ነው። ያለፈው ማክሰኞ ልምምድም የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ያበላሸችው ሂሩት ናት።

ትርንጎ፦ አይደለችም፣ እትዬ። እርስዎ ነዎት።

ዘርፈሽዋል፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ ከበሮውን ሁለቴ መትተው ቆሙ። ግማሾቹ ዞሩ፣ ግማሾቹ ሦስተኛውን ጠበቁ። ከታች ሆኜ እግር ብቻ ነው የማየው፤ እግር ደግሞ አይዋሽም።

ዘርፈሽዋል፦ ወይ ጉዴ! ሂሩትን ሳምንት ሙሉ ሳህን አሳጠብኳት እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?

ትርንጎ፦ ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ዘርፈሽዋል፦ ዛሬማ ነቀዘብሽ። እሺ፣ ቻልሽ እንበል፤ ምሰሶውን ማን ይይዛል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ልባል?

ትርንጎ፦ አስቤበታለሁ። ከእኔ የሚከብድ ሰው ይቀመጥበት።

ዘርፈሽዋል፦ ከአንቺ የሚከብድ እዚህ ግቢ ማን አለ?

ትርንጎ፦ አንድ ሰው አለ፣ እትዬ።

ዘርፈሽዋል፦ ምን ታዪኛለሽ? ተናገሪ እንጂ! እ? እኔን ነው?

ትርንጎ፦ ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ብቻዬን ተሸከምኩት።

ዘርፈሽዋል፦ ይህ ሁሉ እንግዳ ባለበት፣ በዚህ በሐር ቀሚሴ መሬት ልቀመጥ?

ትርንጎ፦ ማንም አያይዎትም። እኔ አውቀዋለሁ።

ዘርፈሽዋል፦ በይ ነይ፣ ክንዴን ያዢኝ፤ ወገቤን ቀስ አድርገሽ አስቀምጪኝ፤ ከበሮዬንም አቀብዪኝ፣ እዚያው ተቀምጬ እመታዋለሁ። ከዚያ የሂሩትን ጥብጣብ ይዘሽ በእናትሽ በኩል ቁሚ።